ያልቆፈርነው ጉድጓድ

ከሆሳዕና ተነስቶ በዶዮገናና በአንጋጫ በኩል ወደ ዱራሜ የሚሄድ ሰው መኖ ጠፋ ሲባል ነገሩ አይገባውም። በየቤቱ ጓሮ እንሰት ቆሟል። በጥርና በየካቲት ሜዳው ተግጦ አልቆ አፈሩ ሲታይ እንኳ የእንሰቱ ቅጠል ለምለም ነው። ከዚያው ጓሮ ደጃፍ ላይ ግን ጎድኗ የሚቆጠር ላም ታስራለች። ይህን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ዝናብ ቀርቶ ቢሆን የፈጣሪ ቁጣ ነው ብሎ መጽናናት ይቻል ነበር። መኖውን በገዛ እጃችን እየጣልን ላማችንን ስናስርብ ግን በማን ይፈረዳል?

አንድ እንሰት ሲነቀል ምን እንደሚተርፍ በቅርብ ያየ ሰው ቁጭቴን ይረዳዋል። ሴቶቹ መጀመሪያ ቅጠሉን ይመለምላሉ፤ የግንዱን የደረቀ የውጭ ሽፋን ይገፍፋሉ። ከዚያ ግንዱን ሰንጥቀው እያንዳንዱን ክፋይ በተጋደመ ሳንቃ ላይ አጋድመው፣ በእግራቸው ተጭነው ይዘው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል። ቃጫው ለብቻ ይወጣል፤ የተፋቀው ለብቻ ይከመራል፤ የሚወርደው ውኃ ሲረጋ ቡላ ይሆናል። ሥሩ ተቆፍሮ፣ ተልጦ፣ ተፈጭቶ ይቀላቀላል። ሥራው ሲያልቅ መሬት ላይ የሚቀረው ክምር ከተሠራው አያንስም፦ ቅጠሉ፣ የቅጠሉ ወፍራም ዘንግ፣ ለመፋቅ የማይመቸው ሽፋን፣ የሥሩ ልጣጭ። ከዚህ ጥቂቱ ጉድጓድ ለማልበስ ይውላል፤ ጥቂቱ በዕለቱ ለላሚቱ ይጣልላታል፤ የቀረው እዚያው ይበሰብሳል። ቆጮ ሲዘጋጅ ብዙ ግንድ በአንድ ሰሞን ስለሚፋቅ ተረፈ ምርቱም በአንድ ጊዜ ይቆለላል። አንዲት ላም በሁለትና በሦስት ቀን በልታ አትጨርሰውም። በሦስተኛው ቀን ጠቁሯል፤ በሳምንቱ ዝንብ ወሮታል። ከሁለት ወር በኋላ የዚያው ቤት ልጅ አንድ እስር ሣር ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ ይንከራተታል።

ይህ ክምር መኖ መሆኑን የማያውቅ አለ እንዳይባል፣ በሀድያ ለያሆዴ፣ በከምባታ ለመሳላ የሚታረደው ሰንጋ ቤት ታስሮ በምን እንደሚደልብ ሁሉም ያውቃል። የእንሰት ሥርና ግንድ እየተከተከተ ነው የሚደልበው። ምሁራኑም ቢሆኑ ዝም አላሉም። በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጀቡ ኑርፈታ፣ አዱኛ ቶሌራና ባልደረቦቻቸው የእንሰትን ቅጠል፣ ግንድና ሥር ለየብቻ መርምረው፣ በበግ ላይ ሞክረው፣ ውጤቱን በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ካወጡ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗል። ፍሬ ነገሩ ገበሬ የሚገባው ነው። ቅጠሉ ፕሮቲን አለው፤ ከስንዴ ገለባ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ይበልጣል። ግንዱና ሥሩ ፕሮቲናቸው ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ የሚፈጭ ጉልበት ሰጪ ምግብ አላቸው። ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። ግንድና ሥር ከቅጠል ጋር፣ ከተገኘም ከጥራጥሬ ዘር ሣር ጋር ሲሰጥ ከብቱ ይጠግባል፣ ሥጋም ይይዛል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ላሚቱ እንዴት እንደምትበላ ማሰብ ይበቃል። የሚያመሰኳ እንስሳ ገለባውን ብቻውን አይፈጨውም። በትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው የሚፈጩለት። እነሱ ደግሞ ካልበሉ አይሠሩም፤ ከመኖው ውስጥ ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ይፈልጋሉ። የሀድያ ደጋ የሚያመርተው የስንዴና የገብስ ገለባ ያለው ከ3 እስከ 4 በመቶ ነው። ላሟ ሆዷ በገለባ ተነፍቶ የምትከሳው ለዚህ ነው። በልታለች፤ የበላችውን ግን የሚፈጭላት ጠፍቷል። ከዚያ ሁሉ ከተጣለው የእንሰት ቅጠል ትንሹ ቢታከልላት ኖሮ ገለባውም ራሱ ይጠቅማት ነበር።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ።

ርጥብ መኖ ሳይበላሽ ለበጋ የሚቀመጥበት ዘዴ ሳይሌጅ ይባላል። መኖው ተከትክቶ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ አየር እንዳይቀርበት እየተረገጠ ይጠቀጠቃል፤ በላዩ ታፍኖ ድንጋይና አፈር ይጫንበታል። አየር ሲያጣ በውስጡ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ያ አሲድ መበስበስን ይከለክላል። ከስድስትና ሰባት ሳምንት በኋላ ይከፈታል፤ ካልተከፈተም ወራት ይቆያል። በአውሮፓና በአሜሪካ የወተት ከብት እርባታ የብርዱን ወራት የሚያልፈው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ይህን ሲነግሩት የማይደነቅ ሕዝብ ቢኖር የሀድያና የከምባታ ሕዝብ ነው። ምክንያቱም ቆጮ ማለት ይኸው ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በእንሰት ቅጠል ይለበሳል፤ የተፋቀው ከእርሾ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ይረገጣል፤ ይታፈናል፤ ድንጋይ ይጫንበታል። አየር የገባበት ጥግ እንደሚሻግት፣ በደንብ ያልተረገጠው እንደሚበላሽ፣ መቼ ተከፍቶ እንደሚገላበጥ፣ ሽታው ምን ሲሆን እንደደረሰ እናቶቻችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። በደጋው ቆጮ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ተቀብሮ ሳይበላሽ ይኖራል። ሌላው ዓለም ለገበሬው በሥልጠና፣ በመጽሐፍና በመኪና ያስተማረውን ጥበብ እኛ በየጓሮው ተክነንበት ኖረናል። ለሰው ስንት ሺህ ጉድጓድ የቆፈረ አገር ለላሙ አንድ ጉድጓድ መቆፈር ልማድ ሳይሆንለት ቀረ። ያንገበግባል የምለው ይህን ነው።

ስሌቱን እንየው። በየአቅጣጫው አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ በደንብ ከተረገጠ 5 ኩንታል ያህል ይይዛል። አንዲት ላም ከገለባዋ ጋር በቀን 10 ኪሎ ቢጨመርላት 50 ቀን ያቆያታል። 50 ቀን ማለት የበጋው ክፉ ወቅት፣ ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ያለው ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች የበልግ ሣር እስኪደርስ ያሻግሯታል። እንሰት ውኃው ብዙ ስለሆነ ቅጠልና ግንዱ ለአንድ ቀን ጠውልጎ ከተከተከተ ገለባ ጋር ቢደባለቅ ገለባው እርጥበቱን ይመጥጣል፤ ሁለቱም ተያይዘው ይቦካሉ። የሚያስፈልገው መጥረቢያ ወይም ገጀራ፣ አካፋ፣ ላስቲክ ወይም ራሱ የእንሰት ቅጠል፣ ከዚያም ጉልበት ነው። ገለባ ብቻ ላለውም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። 100 ኪሎ ገለባ በ100 ሊትር ውኃ በተበጠበጠ 5 ኪሎ ዩሪያ ርሶ፣ ለ3 ሳምንት አየር ሳያገኝ ታፍኖ ቢቀመጥ የፕሮቲኑ መጠን እጥፍ ገደማ ይሆናል። ልኩን ማለፍ ከብት ይገድላልና ጥንቃቄ ይሻል። መታፈኑ፣ መረገጡና መጠበቁ ግን እዚህም ያው የቆጮ ሙያ ነው።

ታዲያ ለምን አልሆነም? መልሱን ሳስበው ያመኛል። በአካባቢያችን ቆጮ የሴት ሥራ ነው። እንሰት በሚፋቅበት ስፍራ ወንድ መገኘቱ ራሱ እንደ ነውር ሲታይ ኖሯል። ስለ ከብት እርባታ ሥልጠና ሲጠራ ደግሞ አዳራሹን የሚሞላው አባወራው ነው። ስለ ሳይሌጅ ሰምቶ፣ ማስታወሻ ደብተር ይዞ፣ አበል ተቀብሎ ይመለሳል። ቤት ሲደርስ ጉድጓድ የማፈንን ሥራ ከሥር መሠረቱ የምታውቀው ሚስቱ ምን እንደተባለ አትሰማም። አንድም ሰው የእሷን ጉድጓድና የሥልጠናውን ጉድጓድ አላገናኘላቸውም። ዕውቀቷን ዕውቀት ብሎ የጻፈው የለም። በባህሉም በቢሮውም በኩል አንድ ቀጭን ግድግዳ ነበር፤ ያንን ግድግዳ ማፍረስ በጀት አይጠይቅም ነበር።

ያጣነውም ቀላል አይደለም። ቆጮ ሆድ ይሞላል፤ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ትንሽ ነው። አባቶቻችን ይህን ሳይማሩ ያውቁታል፤ ቆጮን ያለ አይብና ያለ ወተት፣ ቡላን ያለ ቅቤ የሚያስብ ማን አለ? የእንሰት አገር ምግብ ሙሉ የሚሆነው ላም ከጎኑ ስትቆም ነው። ላሟ ስትደርቅ ልጁ ሆዱ ሞልቶ ይጎዳል። በ2000 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በሀድያ፣ በከምባታና በወላይታ አካባቢ ያበጡና የከሱ ሕፃናት በየማገገሚያ ጣቢያው ሲተኙ፣ ውጭ ያለው መሬት አረንጓዴ ነበር። አረንጓዴ ረሃብ ተባለ። የዝናቡ መዛባትና የዋጋው ንረት ድርሻ እንዳለው አልክድም። ሆኖም በየቤቱ አንዲት የምትታለብ ላም በጋውን ተሻግራ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሕፃን ከዚያ አልጋ ይተርፍ ነበር ብዬ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጉዳቱ በዚያ አያበቃም። እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም። ላሟ ተሸጠች ማለት ፍጉ ቀረ ማለት ነው፤ ፍጉ ሲቀር እንሰቱ ይቀጥናል፤ የቀጠነ እንሰት ትንሽ ቆጮ ይሰጣል፤ ቤተሰቡ ያልደረሰውን እየነቀለ ይበላል። በመኖ እጦት የተሸጠች አንዲት ላም ከዓመታት በኋላ የጓሮውን እንሰት ይዛ ትሄዳለች። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከምባታ ጠምባሮ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 በላይ፣ ሀድያ ደግሞ ከ340 በላይ ሰው ይኖርባቸው ነበር። የግጦሽ መሬት ተመልሶ እንደማይመጣ ያኔውኑ የታወቀ ነው። እንዲህ በተጣበበ መሬት ላይ ከብት ሊኖር የሚችለው ሰው የማይበላውን የተክል ክፍል እየበላ ብቻ ነበር። ያንን ደግሞ አበሰበስነው።

ከተማ ስንገባ ነገሩ ይብሳል። በሆሳዕና ገበያ ቅቤውም ቆጮውም በኮባ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ማታ ገበያው ሲበተን ቅጠሉ ተረግጦ ከፌስታል ጋር ተደባልቆ ይቀራል። በማግስቱ ከቆሻሻው ክምር ላይ ፌስታል የምታኝክ ላም ማየት ብርቅ አይደለም። በዚያው ከተማ ወተት ሸጦ ለማደር ዲቃላ ላም የገዛ ሰው ከሩቅ ፋብሪካ በመኪና የመጣ ፉርሽካና ፋጉሎ በኩንታል ይገዛል፤ ዋጋው በናረ ቁጥር ለላሚቱ የሚሰጠውን ይቀንሳል። በአገሪቱ ሁሉ ብናይ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጥናቶች የሚያሳዩት ከብቶቻችን ከሚበሉት ውስጥ የፋብሪካ ተረፈ ምርት 2 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን ነው። አንዲት የአገር ላም በአማካይ በቀን 1.5 ሊትር ያህል ብቻ የምትሰጥበት አንዱ ምክንያት ከዚህ አይርቅም።

ሌላው ዓለም ግን ከሚጣለው ነው ከብት ያረባው። ቡና በውኃ ሲታጠብ ከቀዩ ፍሬ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይወጣል። በጓቲማላ የሚገኘው የመካከለኛው አሜሪካ የሥነ ምግብ ተቋም ተመራማሪዎች ይህን ገለፈት ለከብት ለማዋል ለዓመታት ደክመው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ያገኙትን በመጽሐፍ አሳተሙት። ካፌይንና ታኒን ስላለበት በብዛት አይሰጥም፤ ከደረቅ መኖው አንድ አምስተኛ ያህል ድረስ ግን በሳይሌጅ መልክ ሊገባ እንደሚችል አሳዩ። የቡና መገኛ የሆነችው አገራችን ገለፈቱን በየማጠቢያ ጣቢያው ጫፍ ትከምረዋለች፤ ወንዝም ታስገባዋለች፤ ከታች ያለው ሰውና ከብት ያንን ውኃ ይጠጣል። ኩባ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የስኳር ፋብሪካዋን ሞላሰስ ከዩሪያ ጋር አዋህዳ ሰንጋ አድልባበታለች። በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች እዚያ ሄደው ተምረዋል። በአገራችንም የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት ሞላሰስ ለሆሳዕና የወተት ላም የዘወትር መኖ መሆን አልቻለም፤ የአገዳው ጫፍና ቅጠልም ለአጨዳ ሲባል በእሳት ይነዳል።

እንሰት ሁሉ ያለ ጥንቃቄ ለከብት ይሰጥ እያልኩ አይደለም። ገና የሚያድገውን እንሰት ቅጠሉን መመልመል ተክሉን ያደክመዋል፤ ስለዚህ ትልቁ ሀብት ሲፋቅ የሚተርፈው ነው። አጠውልግ የያዘውን እንሰት ቆርጦ በጓሮው እያዞሩ ለከብት መስጠት በሽታውን ከተክል ወደ ተክል ያዛምታል፤ የታመመው ተነቅሎ መቀበር ነው ያለበት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለሳይንስ ዓለም የተገለጸው ይህ በሽታ ዛሬ ስንቱን ጓሮ ባዶ እንዳስቀረ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህም ቁጭቴን ያባብሰዋል፤ እንሰቱ ጤነኛና ሞልቶ የተረፈ በነበረበት ዘመን ነው ትርፉን ያባከንነው።

አይቻልም ነበር የሚለኝ ካለ ወደ ዶዮገና ልወስደው እወዳለሁ። የዶዮገና በግ አርቢዎች ከአረካ የግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆነው፣ በማኅበር ተደራጅተው፣ አውራውን በጋራ እየመረጡ ዝርያቸውን ማሻሻል ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በሥራቸው አገር አወቃቸው። ገበሬው የገዛ በጉን ጠባይ ያውቃል ብሎ የሚያምን ሰው መጥቶ አብሯቸው ስለተቀመጠ ነው የሆነው። ለእንሰቱ ተረፈ ምርትና ለቆጮዋ ባለሙያ ግን እንዲህ ያለ ሰው በጊዜው አልመጣም። ሆሳዕና በ2004 ዓ.ም. የራሷ ዩኒቨርሲቲ ዋቸሞን አገኘች፤ በ2015 ዓ.ም. መንግሥት ወተትንም የሚጨምር የሌማት ትሩፋት የተባለ መርሐ ግብር ጀመረ። ሁሉም መልካም ነው። ሁሉም የመጣው ግን ብዙው ላም ከበረት ከወጣ በኋላ ነው።

ላም ከበረት ስትወጣ የት እንደምትሄድ የሀድያና የከምባታ ሰው ያውቃል። ገንዘቧ ለደላላ ይከፈላል፤ ልጁ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን በውስጡ ታፍነው ሞተው ተገኙ። ከዚያም በኋላ በማላዊና በዛምቢያ የወገኖቻችን አስከሬን ተገኝቷል። መኖ ቢኖር ኖሮ አንድም ልጅ አይሄድም ነበር አልልም፤ ስደቱ ብዙ ምክንያት አለው። የምለው ይህን ነው፦ ሀብት በከብት ቁጥር ይለካ በነበረበት፣ መቶ ከብት ያደረሰ ሰው በሥርዓት ይከበር በነበረበት አገር፣ አንድ ወጣት ከአባቱ በረት ላይ ተስፋ የሚያይበት ጥቂት ዓመታት ነበሩ። ዲቃላ ላም ደርሶ ነበር፤ የወተት ገበያው ተከፍቶ ነበር፤ ጥናቱ ተጽፎ ነበር፤ እንሰቱ በጓሮ ነበር፤ ጉድጓዱን የሚያውቅ እጅም ነበር። እነዚህን አምስቱን በአንድ ቤት የሚያገናኝ ጠፍቶ ዓመታቱ አለፉ።

ገንዘብ አጥተን ቢሆን ኖሮ ቁጭቱ ይቀል ነበር። ሊቅ ብናጣም እንዲሁ። ያጣነው ከአዳራሹ ወጥቶ፣ ጓሮ ድረስ ዘልቆ፣ እጇ እንሰት የነካውን እናት «ይህንኑ ለላሟ እንዴት እናድርገው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ዛሬም ብትጠየቅ መልሱን ታውቀዋለች። በየካቲት መኖ አጥታ የሸጠቻት ላም ግን አትመለስላትም።